መለኪያው ፎስፌት ዜሮ እያለ አልጌው ኮራሎቼን ለምን ይሸፍናል?

ማዕበል፦

የተከበራችሁ የባሕር ገንዳ ወዳጆች፣ ላለፉት ሦስት ወራት ከአንድ አረንጓዴ አልጌ ጋር ስታገል ቆይቼ፣ የማውቀውን ሁሉ ሞክሬ ስለጨረስኩ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ። ዋናው ገንዳዬ 280 ሊትር፣ ከሥሩ ያለው የማጣሪያ ገንዳ ደግሞ 60 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ በውስጡ የሚዘዋወረው ውኃ 300 ሊትር ያህል ነው። ገንዳው ከተሞላ 14 ወራት አልፈውታል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ብሌኒ፣ ሁለት ሽሪምፖችና ስድስት ቀንድ አውጣዎች ይኖሩበታል፤ ከኮራል ወገን ደግሞ ዞአንተስ፣ አንድ ሐመር ኮራልና ሁለት ሞንቲፖራዎች አሉኝ።

የችግሩን መነሻ በሚገባ አውቀዋለሁ። ከአምስት ወራት በፊት አንዲት የዞአንተስ ቁራጭ ስገዛ፣ በተለጠፈችበት የሲሚንቶ መቀመጫ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ጉንጉን ነበረች። ቆንጆ መስላ ስለታየችኝ ሳልነቅላት፣ ቁራጯንም ለብቻዋ ሳላቆያት በቀጥታ ወደ ገንዳው አስገባኋት። ከሁለት ወራት በኋላ ተመሳሳይ ጉንጉኖች በአጠገቧ ባለው ድንጋይ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። በወረንጦ ነቀልኳቸው፤ የቀረውንም ድንጋዩን ከውኃ ሳላወጣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። በዚያ ሳምንት ገንዳው ንጹሕ መስሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከዚያ በፊት ምንም ባልነበረባቸው ቦታዎች፣ በፓምፑ መከለያ፣ በኋለኛው መስታወት፣ በሐመር ኮራሉ አንገት ላይ ሳይቀር በቀለ። ዛሬ ሐመር ኮራሉ አልጌው በከበበው ጎኑ በኩል እጆቹን መዘርጋት አቁሟል፤ የአጽሙም ጠርዝ መታየት ጀምሯል።

ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ የመለኪያው ነገር ነው። ናይትሬት 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌት ደግሞ 0 ሆኖ ይነበባል። አልጌ የሚበቅለው ንጥረ ነገር ሲበዛ ነው የሚለውን ትምህርት ስለማምንበት የዓሣዎቹን ምግብ በግማሽ ቀነስኩ፤ ፎስፌት የሚስበውን የብረት ኦክሳይድ ጠጠር በየሁለት ሳምንቱ መቀየር ጀመርኩ፤ መብራቱንም በቀን ከ10 ሰዓታት ወደ 6 ሰዓታት አወረድኩት። ሞንቲፖራዎቹ ገረጡ፤ አልጌው ግን ጭራሽ ወፈረ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም። መለኪያው ዜሮ እያለ ይህ አልጌ ከየት ነው የሚመገበው? የፈንገስ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ሲጨመር አልጌው ይጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ኮራሎቹን አይጎዳም? ይህንን አልጌ የሚበላ ዓሣ ወይም ሌላ እንስሳ ካለስ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ጥልቅ ውኃ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ መድኃኒትም ሆነ ስለ ዓሣ ከመነጋገራችን በፊት አልጌው ምን እንደሆነ በዓይንዎ አይተው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። በጅምላ «አረንጓዴ ፀጉር» እየተባለ የሚጠራው ነገር በጣም የተለያዩ ወገኖችን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ አንዱን የሚያጠፋው ዘዴ ሌላውን ላይነካው ይችላል።

አንድ ጉንጉን ከነሥሩ በወረንጦ ነቅለው፣ ከገንዳው በቀዱት ውኃ በሞላ ነጭ ሳህን ውስጥ ያኑሩት። ከውኃ አውጥተው ከያዙት ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ውኃ ውስጥ ሲዘረጋ ግን ማንነቱ ይገለጣል። መካከለኛ ዘንግ ኖሮት፣ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቅርንጫፎች በረድፍ ወጥተውለት፣ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ፣ የወፍ ላባ የሚመስል ከሆነ ብራዮፕሲስ ነው። ቅርንጫፍ የሌላቸው ወይም እዚህም እዚያም ብቻ የተከፈሉ ልስልስ ክሮች ከሆኑ ደርቤዝያ ሊሆን ይችላል። በጣት መካከል ሲሹት ሻካራ፣ እንደ ቀጭን ሽቦ ጠንከር ያለ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይም እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ ያለው ከሆነ ደግሞ ክላዶፎራ ነው።

እኔ በገለጹት አበቃቀል ብራዮፕሲስን እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቱንም ልንገርዎ። ይህ ላባ ከነዘንጉና ከነቅርንጫፎቹ በውስጡ የሚከፋፍል ግድግዳ የሌለው፣ ብዙ ኒውክለሶችን የያዘ አንድ ረጅም ሕዋስ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ቢቆረጥ ይሞታል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ቁስሉን ፈጥኖ ይደፍናል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ራሱን ችሎ ማደግ ይችላል። ይባስ ብሎ፣ ሕዋሱ ሲፈርስ የሚፈሰው አረንጓዴ ፈሳሽ በባሕር ውኃ ውስጥ ተሰብስቦ ክብ ክብ በመሆን አዲስ ሽፋን ሊያበጅ፣ ከዚያም እንደገና ተክል ሊሆን እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። በጥርስ ብሩሽ ውኃ ውስጥ የፈገፈጉት ዕለት ማዕበል ሠሪው ፓምፕ እየሠራ ከነበረ፣ ቁራጩን በገንዳው ሁሉ የዘራው እርሱ ነው።

ከእንግዲህ ሲነቅሉ ፓምፖቹን ሁሉ ያጥፉ። ሊወጣ የሚችለውን ድንጋይ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አድርገው እዚያ ይንቀሉ፤ ወደ ቦታው ከመመለስዎም በፊት በሁለተኛ ባልዲ ያለቅልቁት። ከቦታው የማይነሣውን ድንጋይ ደግሞ የላስቲክ ቱቦ አፍ ከአልጌው ግርጌ አስጠግተው ይያዙና፣ በወረንጦ የነቀሉት ቁራጭ ወዲያውኑ በቱቦው እንዲሳብ ያድርጉ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ጥቅጥቅ ያለ የማጣሪያ ከረጢት ውስጥ ቢገባ ውኃውን መልሰው መጠቀም ይችላሉ። አዝጋሚ ሥራ ነው፤ አንድ ድንጋይ ብቻ አንድ ሰዓት ሊወስድብኝ እንደሚችል ከራሴ ገንዳ አውቃለሁ።

ማዕበል፦

ስለ ዝርዝር ማብራሪያዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ እንዳሉኝ በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ አየሁት። ጥርጥር የሌለው ላባ ነው፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቅርንጫፎች ያለ አጉሊ መነጽርም ይቆጠራሉ። ከግርጌው ሲቆረጥ በውኃው ውስጥ ቀጭን አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣ አይቼ፣ በብሩሽ ያደረግሁት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ማዕበል ሠሪው ፓምፕም በዚያን ዕለት እየሠራ ነበር።

ዛጎል፦

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ለሌሎች ትቼ በዜሮው ላይ ላተኩር፤ ሞንቲፖራዎችዎን ያገረጣቸው አልጌው ሳይሆን ይኸው ዜሮ ነው ብዬ እሰጋለሁና።

መለኪያ የሚነግርዎ ሁሉም ከተመገበ በኋላ በውኃው ውስጥ የተረፈውን ነው፤ በየቀኑ ስንት እንደገባና ስንት እንደተበላ አይነግርዎትም። ሒሳቡን በቀላሉ መሥራት ይቻላል። የደረቅ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ 1 በመቶ ያህሉ ፎስፈረስ ነው። አንድ ግራም ምግብ ሲሰጡ 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ አስገቡ ማለት ሲሆን፣ ይህ ወደ ፎስፌት ሲለወጥ 30 ሚሊግራም ይደርሳል፤ በ300 ሊትርዎ ሲካፈል ደግሞ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። ከፊሉ በዓሣዎቹ ሥጋ ውስጥ ስለሚቀር ሁሉም ወደ ውኃው አይደርስም፤ ቢሆንም ምግብ በየዕለቱ እየገባ መለኪያው ዜሮ ካለ፣ ቀሪው ገና ከመለቀቁ እየተነጠቀ ነው። ከነጣቂዎቹ ደግሞ ፈጣኑ ያ ላባ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ድንጋዩ ነው። የገንዳችን ድንጋይና አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ፎስፌት በገጽታው ላይ ይለጠፋል፤ በውኃው ውስጥ ያለው መጠን ሲወርድም ቀስ በቀስ መልሶ ይለቀዋል። የ14 ወራት ቀለብ የተጠራቀመው እዚያ ነው። የብረት ኦክሳይድ ጠጠሩ ውኃውን ባጠበ ቁጥር ድንጋዩ ይተፋል፤ የሚተፋውን ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው በድንጋዩ ላይ የበቀለው ነው። አልጌው ሥሩን የተከለው ጎተራው ላይ ነው፤ ኮራሎቹ ግን የሚጠብቁት ከውኃው ነው። ኮራል በሥጋው ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ጉልበት የሚኖር ፍጥረት እንደመሆኑ፣ አልጌን በረሃብ ለመግደል ስንሞክር ቀድሞ የሚራበው እርሱ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ናይትሬትና ፎስፌት ለረጅም ጊዜ ዜሮ ላይ ሲቆዩ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ቡናማ ንፍጥ መሳይ ነገሮች ገንዳውን ሊወርሱት ይችላሉ። በመብራት ሰዓት የአየር አረፋ እየቋጠሩ አሸዋውንና ኮራሉን የሚሸፍኑ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ኦስትሪዮፕሲስ የተባለው ወገን መርዝ ስላለው ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል። ብራዮፕሲስን ያሸነፈ ሰው በዳይኖፍላጀሌት ሲሸነፍ ማየት ያሳዝነኛል፤ ከአንድ ጊዜ በላይም አይቻለሁ።

ስለዚህ የፎስፌት ጠጠሩን ያውጡት፤ የዓሣዎቹን ምግብ ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሱ፤ መብራቱንም በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ ወደ 8 ሰዓታት ያድርሱት። ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ኮራሎቹ ይስማማቸዋል። የሚያስገቡት ንጹሕ ውኃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) የተጣራና፣ በውኃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን በሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ የሚነበብ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ዲጂታል መለኪያ ፎስፈረስን በቢሊዮን አንድ ክፍል የሚያነብ ዓይነት ከሆነ፣ ፎስፌትን በሚሊግራም በሊትር ለማግኘት ቁጥሩን በ3.07 አባዝተው በ1000 ማካፈል አለብዎት። 10 ብሎ ካነበበ ፎስፌቱ 0.03 ነው ማለት ነው። ብልቃጡን መለኪያው ውስጥ ከመክተትዎ በፊትም ውጭውን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት፤ የጣት አሻራ ወይም በመስታወቱ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ንባቡን ልታዛባው ትችላለች።

ነጭ አሸዋ፦

ስለ መድኃኒቱ እኔ ልመልስ፤ በራሴ ገንዳ ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁና።

የሰሙት ስለ ፍሉኮናዞል ነው። ሥራው በፈንገስ ሕዋስ ውስጥ ኤርጎስቴሮል የተባለው የሕዋስ ሽፋን ግብዓት እንዳይመረት ማገድ ሲሆን፣ በብራዮፕሲስ ላይ ያለውን ኃይል ያገኙት በቤታቸው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ሞክረው ነው። በተለምዶ የሚሰጠው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ 5 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ለእርስዎ 300 ሊትር 1500 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 150 ሚሊግራም አሥር ካፕሱሎች ይሆናል። ካፕሱሎቹን ከፍተው ዱቄቱን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ በደንብ ካማሰሉ በኋላ፣ ውኃው በኃይል በሚያልፍበት የታችኛው ገንዳ ክፍል ያፍስሱት። በብዙ አገሮች ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጥ መድኃኒት ስለሆነ አገኛኘቱም አያያዙም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።

ከመጨመርዎ በፊት አክቲቬትድ ካርቦኑን፣ ማለትም ውኃ የሚያጣራውን ከሰል ያውጡ፤ መድኃኒቱን ስቦ ያስቀረዋልና። የአልትራቫዮሌት መብራትና ኦዞን ካለዎት ያጥፏቸው። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ስኪመሩ፣ አረፋው ከልክ በላይ ሊፈስ ስለሚችል የአረፋ መሰብሰቢያ ጽዋውን አውልቀው አየር ለመስጠት ብቻ እንዲሠራ ይተዉት፤ ውኃው ኦክስጅን ማጣት የለበትም። በታችኛው ገንዳ ውስጥ ንጥረ ነገር እንዲመጥልዎ የሚያሳድጉት አልጌ ካለ፣ በተለይም ካውለርፓ ከሆነ፣ አስቀድመው ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩት። ወዳጃችን ጥልቅ ውኃ እንዳሉት በእጅ የሚነቀለውንም ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት ይንቀሉ፤ አልጌው በጅምላ ገንዳው ውስጥ ሲበሰብስ በሆዱ የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፌት መልሶ ይለቀዋልና።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል። በእኔ ገንዳ በመጀመሪያው ሳምንት አንዳች ለውጥ አልታየም፤ መጠኑን ለመድገም እጄ ቢበላኝም ታገሥኩ። በአሥረኛው ቀን ገደማ የላባዎቹ ጫፍ አረንጓዴነቱን አጥቶ ግራጫ ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላባዎቹ እንደ ረጠበ ስስ ወረቀት እያሳለፉ መታየት ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት የፓምፑ ንፋስ ብቻ ይነቅላቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሩብ ያህሉን ውኃ ቀይሬ ካርቦኑን መለስኩ። ከዓሣ፣ ከሽሪምፕና ከኮራል አንድም አልሞተብኝም፤ ዞአንተሶቹ ግን ለጥቂት ቀናት በግማሽ ተዘግተው ቆይተዋል።

መድኃኒቱ ለሁሉም አልጌ አይሠራም። ባክቴሪያ የሆነውን ቀይ ንፍጥ ሳያኖባክቴሪያንም ሆነ ዳይኖፍላጀሌትን አያጠፋም። አልጌውን በሚገባ ሳይለዩ መድኃኒት ማፍሰስ ተገቢ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ከፍሉኮናዞል በፊት ማግኒዚየምን ወደ 1600 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነበር፤ ውጤቱ ግን በምንጠቀመው የማግኒዚየም ምርት የሚለያይ ከመሆኑም በላይ፣ እኔ በሞከርኩት ጊዜ ቀንድ አውጣዎቼ ከመስታወቱ እየወደቁ ደነዘዙ። አልመክረውም።

የባሕር ጃርት፦

ነጭ አሸዋ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ባዶውን የተወውን ድንጋይ የሚጠብቅ ካልተገኘ ሌላ አረም መውረሱ አይቀርም። 300 ሊትር ውኃ ባለው ገንዳ ውስጥ ስድስት ቀንድ አውጣዎች ብቻ መኖራቸውን ሳነብ ደነገጥኩ።

በተፈጥሮ ባሕር ኮራሉን ከአልጌ የሚጠብቀው የንጥረ ነገር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ግጦሽ ነው። በካሪቢያን ባሕር የሆነውን ያስቡ። በ1983 እ.ኤ.አ. ዲያዴማ አንቲላረም የተባለው ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርት ከፓናማ አካባቢ ጀምሮ ማለቅ ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በአብዛኛው የካሪቢያን ክፍል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞተ። በጃማይካ ዳርቻ አልጌ የሚግጡት ዓሣዎች ቀደም ብለው በአሥጋሪዎች ብዛት ተመናምነው ስለነበር፣ የቀረው ብቸኛ ጠባቂ ይህ ጃርት ነበር። እርሱ ሲጠፋ፣ ከሰባዎቹ መጨረሻ እስከ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከዐውሎ ነፋስ ጉዳትም ጋር ተደምሮ፣ የኮራሉ ሽፋን ከ50 በመቶ ገደማ ከ5 በመቶ በታች ወረደ፤ ቦታውንም አልጌ ወረሰው። ስሜን የወሰድኩት ከዚህ እንስሳ ነው፤ የገንዳ ሰው ሁሉ ይህንን ታሪክ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ሆኖም ብራዮፕሲስን ራሱን ጎልማሳ ከሆነ በኋላ የሚግጥ እንስሳ ለማግኘት አይድከሙ። ካሃላላይድ የተባሉ መርዛማ ውሑዶች በውስጡ የሚገኙ ሲሆን፣ እነዚህን የሚሠራለት አብሮት የሚኖር ባክቴሪያ ነው። አብዛኞቹ ግጦሽ በሎች ቀምሰው የሚተዉት ለዚህ ይመስለኛል። ኤሊሲያ የሚባሉ ዛጎል የሌላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች ይበሉታል፤ ዳሩ ግን ከእንዲህ ያለ አልጌ በቀር ሌላ ምግብ ስለማይበሉ አልጌው ሲያልቅ በረሃብ ያልቃሉ፤ ፓምፕም ይፈጫቸዋል። ሕይወት ያለውን እንስሳ ለአንድ ወር ሥራ አስገብቶ እንዲሞት መተው ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የእንስሳቱ ድርሻ ገና የሚበቅለውን፣ ዓይን የማያየውን ቡቃያ መልቀም ነው። ለእርስዎ ገንዳ ትሮከስ ቀንድ አውጣዎችን አስቀድማለሁ፤ ሲወድቁ ራሳቸውን መገልበጥ ስለሚችሉ አስትሪያ ከሚባለው ቀንድ አውጣ ይሻላሉ፤ አስትሪያ በጀርባው ከወደቀ ሰው ካላነሣው በስተቀር እዚያው ይሞታል። አሥራ ሁለት ያህል ጨምረው፣ ሁኔታውን እያዩ ወደፊት ይጨምሩ። ቱክሲዶ የሚባለው ትንሽ የባሕር ጃርት ድንጋዩን እስከ ነጩ ድረስ የሚልግ ብርቱ ሠራተኛ ነው፤ ያልተጣበቀ የኮራል ቁራጭ ግን በጀርባው ተሸክሞ ስለሚዞር ሁሉንም አስቀድመው በሙጫ ያጣብቁ። ፎክስፌስ ስለሚባለው ዓሣ ብዙ ሰው ይነግርዎታል፤ አልጌ በላነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ የእርስዎ ገንዳ ይጠበዋል፤ የጀርባ እሾሁም መርዛማ ነው። ቢጫ ታንግም እንዲሁ ሰፊ መዋኛ ይፈልጋል።

ማዕበል፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ለማስታወቅ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ መድኃኒቱ ከገባ 24ኛ ቀኑ ነው።

በመጀመሪያ የፎስፌት ጠጠሩን አውጥቼ፣ ምግቡን መልሼ፣ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ድንጋዮቹን በባልዲ ውስጥ ስነቅል ቆየሁ። መለኪያዬ በእርግጥም ፎስፈረስ የሚያነብ ነበር፤ ጠጠሩ ከወጣ ከአሥር ቀናት በኋላ 13 አነበበ፤ እንደ ዛጎል ሒሳብ 0.04 መሆኑ ነው። መድኃኒቱን ከጨመርኩ በኋላ ለውጥ ያየሁት በ9ኛው ቀን ሲሆን፣ በ16ኛው ቀን የፓምፑ መከለያ ላይ የነበረው በሙሉ ነጥቶ ተነቀለ። ትናንት ሩብ ያህሉን ውኃ ቀይሬ ካርቦኑን መለስኩ። ሐመር ኮራሉ በታመመው ጎኑ ሦስት እጆቹን እንደገና ዘርግቷል፤ የተጋለጠው የአጽሙ ጠርዝ ግን ገና አልተሸፈነም። ትሮከሶቹ ገብተዋል፤ ሌሊት በባትሪ ሳያቸው ሁሉም ድንጋዩ ላይ ናቸው።

ከኋላ ባለው ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ አንዲት ግራጫ ጉንጉን ቀርታለች፤ ወረንጦም አይደርስባትም። ደግሞ ልጨምር? የነቀልኩትን አልጌና የቀየርኩትን ውኃስ የት ልጣል? እስካሁን ሁሉም በባልዲ እንደተቀመጠ ነው።

ጥልቅ ውኃ፦

አሁን ደግመው አይጨምሩ። ጉንጉኗ ግራጫ ከሆነች እየሞተች ሊሆን ስለሚችል አንድ ሳምንት ይጠብቋት፤ አረንጓዴ ቡቃያ ካወጣች ድንጋዩን አውጥተው ስንጥቁ ውስጥ ብቻ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ያድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ በገንዳ ውኃ አጥበው ይመልሱት። ፐርኦክሳይዱ ኮራል እንዳይነካ፣ በገንዳው ውስጥም እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ ሽሪምፖች አይችሉትም። ወደፊት ኮራል ሲገዙ ደግሞ የመጣበትን መቀመጫ ሰብረው ይጣሉት፤ ቁራጯን በአዲስ መቀመጫ ላይ አጣብቀው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩአት።

አልጌውን ግን እባክዎ ወደ ባሕር፣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ጎርፍ መውረጃ አይጣሉት። የብራዮፕሲስ ዘመድ የሆነው፣ እንደ እርሱ ሙሉ አካሉ አንድ ሕዋስ የሆነው ካውለርፓ ታክሲፎሊያ በ1984 እ.ኤ.አ. በሞናኮ ዳርቻ የባሕር ወለል ላይ በጥቂት ስፍራ ታየ፤ የመጣው ከአኳሪየም ነበር። ከዚያ በሜዲትራኒያን ባሕር ተዛምቶ ሰፊ የባሕር ሣር መስኮችን ሸፈነ። በ2000 እ.ኤ.አ. ይኸው አልጌ በካሊፎርኒያ ሁለት ስፍራዎች ሲገኝ፣ ጠላቂዎች በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው ከሥሩ ክሎሪን በመጨመር ነው የገደሉት፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የታወጀውም በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። በሁለቱም ዳርቻዎች የጀመረው ከገንዳ በወጣ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም።

የነቀሉትን ከባልዲው አጥልለው በፀሐይ ላይ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስጡት፤ በጣት ሲነኩት እስኪፈረፈር ድረስ ከደረቀ በኋላ በላስቲክ ቋጥረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። የቀየሩት ውኃ ውስጥ ካርቦን የያዘ ከረጢት ለሁለት ቀናት በትንሽ ፓምፕ ያዙሩበት፤ ከዚያም በአንድ ሊትር ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል የቤት ማንጪያ ክሎሪን ጨምረው ለአንድ ሌሊት ይተዉትና ወደ ቤት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ያፍስሱት። ባልዲውን፣ ወረንጦውንና ቱቦውንም እንዲሁ በክሎሪን ውኃ ዘፍዝፈው በደንብ ካለቀለቁ በኋላ፣ እስኪደርቁ ድረስ ወደ ገንዳው አያስጠጓቸው።